ከሐምራዊው መብራት ጀርባ

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሌላ ካላልኩ በቀር እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ልናገርና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

እዚህ ጠረጴዛ ላይ አንድ ተራ የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ አንድ ባለ 20 ዶላር ኖት እና ገንዘብ ተቀባዮች ከመስኮታቸው ሥር የሚያስቀምጧት ትንሽ ሐምራዊ መብራት አሉ። እባካችሁ የአዳራሹን መብራት አጥፉልኝ። ተመልከቱ፤ የፎቶ ኮፒው ወረቀት ከመብራቷ ሥር ሲገባ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ብርሃን ይረጫል። ዶላሩ ግን ጠቆር ብሎ ቀረ። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች የሚያቋርጥ አንድ ቀጭን ክር ብቻ አረንጓዴ ሆኖ በራ። ኖቱ ባለ 5 ቢሆን ክሩ ሰማያዊ፣ ባለ 10 ቢሆን ብርቱካንማ፣ ባለ 50 ቢሆን ቢጫ፣ ባለ 100 ቢሆን ሮዝ ሆኖ ይበራ ነበር።

ሁለቱ ወረቀቶች ለምን ተለያዩ? ተራ ወረቀት የበለጠ ነጭ እንዲመስል ፋብሪካው ውስጥ ማንጫ ኬሚካል ይጨመርበታል። ኬሚካሉ ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ብርሃን ይውጥና ሰማያዊ አድርጎ ይመልሰዋል። የባንክ ኖት ወረቀት በአብዛኛው ከጥጥ የሚሠራ ሲሆን ማንጫው ሆን ተብሎ ይቀርበታል። ስለዚህ ጨለማው ራሱ መለያ ነው፤ አብሪው ቀለም ጎልቶ የሚታየውም ጀርባው ጨለማ ስለሆነ ነው። እግረ መንገዴን ለገንዘብ ተቀባዮች አንድ አደራ ልበል። ዱቄት ሳሙና ውስጥም ይኸው ማንጫ አለ። ኪስ ውስጥ ተረስቶ ከልብስ ጋር የታጠበ እውነተኛ ኖት ከመብራቱ ሥር እንደ ተራ ወረቀት ሊበራ ይችላል። አንዲት እናት ከልጇ ሱሪ ጋር ያጠበችውን ብር ይዛ ስትመጣ «ፎርጅድ ነው» ከማለት በፊት ክሩን ማየት፣ ወረቀቱን በጣት መዳሰስ፣ ወደ ብርሃን አቅንቶ የውሃ ምልክቱን መፈለግ ይገባል። በመብራት ብቻ ሰውን ሌባ ማድረግ ትልቅ በደል ነው።

ዛሬ ልናገር የመጣሁት ያ አረንጓዴ ብርሃን ከየት እንደሚገዛ ነው። ለዓለም የባንክ ኖቶች፣ ፓስፖርቶችና ቴምብሮች የሚያስፈልጉትን አብሪ ዱቄቶች የሚያመርቱ፣ የሚያጣሩና የሚሸጡ እጆች ጥቂት ናቸው። ዱቄቱ በሚስጥር የተያዘ ነው ይባላል፤ ነገር ግን ሚስጥሩ የሚጠበቀው ወይም የሚባክነው በኬሚስትሪው ሳይሆን ዱቄቱ በሚያልፍበት የንግድ መንገድ ላይ ነው። ይህን የምለው የእኛም አገር ገንዘብና ሰነድ የሚያልፈው በዚሁ መንገድ ስለሆነ ነው።

ነገርን ከሥሩ ነውና ሳይንሱን ባጭሩ ልንካው። የአየርላንድ ተወላጁ ጆርጅ ገብርኤል ስቶክስ በ1852 ባወጣው ጥናት የኪኒን ውህድን ከፀሐይ ጨረር ሐምራዊ ጫፍ ባሻገር ወዳለው ጨለማ ክፍል ሲያስጠጋው ሰማያዊ ብርሃን እንደሚሰጥ አሳየ። የተዋጠው ብርሃን ሲመለስ ጉልበቱ እንደሚቀንስ፣ ማለትም የማይታየው ወደሚታየው እንደሚወርድ ያስረዳውም እሱ ነው። ዛሬ የኅትመት ቀለም ውስጥ የሚገቡት አብሪ ነገሮች በጥቅሉ ሁለት ወገን ናቸው። ኦርጋኒክ የሚባሉት ርካሽ ናቸው፤ ቀለም ውስጥ በቀላሉ ይሟሟሉ፤ በደማቁም ያበራሉ። ፀሐይ ላይ ሲከርሙ ግን ይደክማሉ። ኢንኦርጋኒኮቹ በምድጃ ውስጥ፣ ብዙ ጊዜ ከ1000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ተጋግረው የሚወጡ ክሪስታሎች ናቸው። በክሪስታሉ ውስጥ ጥቂት የሬር ኧርዝ አተሞች፣ ለምሳሌ ዩሮፒየም፣ ተርቢየም ወይም ኤርቢየም ይገቡበታል፤ የሚያበሩትም እነዚያ ጥቂቶቹ ናቸው። እነዚህ ዓመታትን ይሻገራሉ።

ኢንኦርጋኒኮቹ ለማተሚያ ቤት ሰው አንድ ትልቅ ችግር አለባቸው። ኦፍሴት ማሽን የሚያትመው የቀለም ሽፋን በጣም ስስ ስለሆነ ቅንጣቱ ጥቂት ማይክሮን ብቻ መሆን አለበት። ዱቄቱን ግን እንደ በርበሬ ደጋግሞ ማስፈጨት አይቻልም፤ ክሪስታሉ በተሰበረ ቁጥር ብርሃኑ ይቀንሳል። ስለዚህ አምራቹ ገና ከምድጃው ሲያወጣው ትንሽና ወጥ ቅንጣት እንዲኖረው አድርጎ መጋገር ይኖርበታል። ይህን የሚችል ፋብሪካ ጥቂት ነው። ኢንታሊዮ የሚባለው በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው ኅትመት ወፍራም ሽፋን ስለሚተው ትልልቅ ቅንጣቶችን ይችላል። አንድ አገር «አብሪ ቀለም አስገባ» ብሎ ጨረታ ሲያወጣ የትኛው ማሽን ላይ እንደሚታተም ካልገለጸ የሚመጣለት ዱቄት ማሽኑን የሚያበላሽ ወይም የማያበራ ሊሆን ይችላል።

ስለ ዩሮፒየም ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልናገር፤ የዚህን ንግድ ታሪክ ከሞላ ጎደል የሚነግረን እሱ ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ዩጂን ዴማርሴ በ1901 ለይቶ ያወጣው ብረት ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የላቦራቶሪ ጌጥ ሆኖ ኖረ። በ1960ዎቹ አጋማሽ አሜሪካኖች የባለ ቀለም ቴሌቪዥን ቀይ ብርሃን ደካማ ሆኖባቸው ሲጨነቁ ዩሮፒየም የተጨመረበት ዱቄት ደማቅ ቀይ እንደሚሰጥ ተገኘ። በካሊፎርኒያ በረሃ ያለው የማውንቴን ፓስ ማዕድን ማውጫም ለዚህ ብረት ሲባል ሥራውን አሰፋ። በየቤቱ ሳሎን ውስጥ ቀይ ብርሃን የሰጠው ዱቄት ቆይቶ ወደ ገንዘብ ኅትመት ገባ።

የዩሮ ኖቶች ጥር 1 ቀን 2002 ሥራ ላይ ሲውሉ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ የአብሪ ቀለሞቹን ይዘት አልገለጸም። በዚያው ዓመት ግን በኔዘርላንድ የዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ፍሬክ ሱይቨርና አንድሪስ መዬሪንክ አንድ ኖት ከመሣሪያ ሥር አስገቡና የብርሃኑን ስፔክትረም ለኩ። ዩሮፒየም ሲያበራ 610 ናኖሜትር አካባቢ ቀጭንና የማይሳሳት ቀይ መስመር ይሰጣል። ቀዩ ከዚያ እንደሚመጣ ጻፉ፤ ስለ አረንጓዴውና ስለ ሰማያዊውም ግምታቸውን አስቀመጡ። ይህ ታሪክ የሚገርመኝ በድፍረታቸው አይደለም። የተጠቀሙበት መሣሪያ በማንኛውም ጥሩ የኬሚስትሪ ክፍል የሚገኝ ዓይነት ነው። አንድ ኖት በሚሊዮን ኪስ ውስጥ ከገባ በኋላ ቀለሙ ምን እንደሆነ ለዘላለም ደብቆ መኖር አይቻልም። ሊደበቅና ሊጠበቅ የሚችለው ያንኑ ዱቄት በዚያው ጥራት ማን እንደሚሸጥ፣ ለማን እንደሚሸጥ ነው።

ተራው አብሪ ቀለም ደግሞ ዛሬ ሚስጥር መሆኑ ቀርቷል። በ365 ናኖሜትር መብራት የሚበራ የማይታይ ቀለም ለጭፈራ ቤት መግቢያ ማኅተም ሁሉ ይሸጣል፤ ሐሰተኛ ኖት የሚያትምም ሰው ገዝቶ ይቀባዋል። ሐምራዊው መብራት ሥር «በርቷል» ማለት ብቻ ምንም ማረጋገጫ የማይሆነው ለዚህ ነው። ስለዚህ ማዕከላዊ ባንኮች ከዚያ ርቀው ሄደዋል። በአንድ የአልትራቫዮሌት ጨረር አንድ ቀለም፣ በሌላው ደግሞ ሌላ ቀለም የሚሰጥ ዱቄት ያስገባሉ። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ብርሃኑ የሚከስምበትን የሚሊ ሰከንድ ጊዜ በማሽን ይለካሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው የስቶክስን ሕግ የሚገለብጠው ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሷ ኦዜል በ1966 እንዳሳየው፣ ኢተርቢየም የማይታይ የኢንፍራሬድ ብርሃን ይውጥና ጉልበቱን ለጎረቤቱ ለኤርቢየም ወይም ለቱሊየም ያስተላልፋል፤ ኤርቢየም አረንጓዴ፣ ቱሊየም ሰማያዊ ብርሃን ይሰጣል። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ደካማ ጨረሮች ተደምረው አንድ ብርቱ ብርሃን ይወጣል ማለት ነው። የዚህ ዓይነቱ ዱቄት ከሐምራዊው መብራት ሥር ቢገባ ዓይን የሚስብ ነገር የለውም።

ሙያው ውስጥ ያሉ ሰዎች መለያዎቹን በሦስት ደረጃ ያስቀምጧቸዋል፦ ማንም ሰው በዓይኑና በጣቱ የሚያያቸው፣ ገንዘብ ተቀባዩ በመብራት የሚያያቸው፣ እና የማዕከላዊ ባንክ ማሽን ብቻ የሚያነባቸው። እኛ ከመስኮት ሥር የምናየው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ንግዱ ልሂድ። አንድ ኪሎ አብሪ ዱቄት ከመሬት እስከ ፓስፖርት ያለው ጉዞ በአምስት ስድስት እጅ ያልፋል። ማዕድኑ ይቆፈራል፤ ከዚያ አሥራ ሰባት የሚሆኑ፣ በጠባያቸው መንትያ የሚመስሉ ብረቶች አንዱ ከአንዱ ይለያሉ። ከባዱ ሥራ ይሄኛው ነው፤ ከዓለም የሬር ኧርዝ ማጣራት ውስጥ 90 በመቶ ገደማው ቻይና ውስጥ ይከናወናል። የተጣራው ኦክሳይድ ወደ ዱቄት አምራቹ ይሄዳል። በጀርመን ሀኖቨር አጠገብ ባለችው ዜልዘ ከተማ የሚገኘው የሀኒዌል የነበረው ፋብሪካ «ሉሚሉክስ» በሚል ስም አብሪ ፒግመንቶችን ሲያመርት ቆይቷል። በጃፓን ኔሞቶ የተባለው ኩባንያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከጨለማ በኋላ ለሰዓታት የሚበራውን የስትሮንቲየም አሉሚኔት ዱቄት ለዓለም አቀረበ። ከዚያ ዱቄቱ ወደ ቀለም ቀማሚው ይገባል። በስዊዘርላንድ ሎዛን አጠገብ የሚገኘው ሲክፓ በዓለም የባንክ ኖት ቀለም አቅራቢዎች ውስጥ ግንባር ቀደሙ ነው። በ1927 ሲመሠረት የሚያመርተው ለላም ጡት የሚቀባ የማለቢያ ቅባት ነበር፤ ለባንክ ኖት ቀለም ማቅረብ የጀመረው በ1943 ለስፔን ነው። ቀለሙ ከተቀመመ በኋላ ወደ ማተሚያ ቤት፣ ከዚያም ወደ ማዕከላዊ ባንኩ ካዝና ይሄዳል።

በመካከል ጉምሩክ አለ። የጉምሩክ ባልደረቦቼ እንደምታውቁት ኢንኦርጋኒክ አብሪ ዱቄት የሚገባበት ታሪፍ ቁጥር 3206.50 ነው፤ ኦርጋኒኩ ደግሞ 3204.90 ውስጥ ይወድቃል። በኢንኦርጋኒኩ ቁጥር የሰዓት ጣት የሚቀባበት፣ የአደጋ ጊዜ መውጫ ምልክት የሚሠራበት፣ የመብራት አምፖል ውስጥ የሚገባውም ዱቄት ይመዘገባል። ለገንዘብ ኅትመት የሚሆነው ዱቄት ስንት ኪሎ በየትኛው ድንበር እንዳለፈ የትኛውም አገር የንግድ መዝገብ ለይቶ አያሳይም። ፈታሹ የሚያየው በቀን ብርሃን ነጭ ወይም ወደ ነጭ የሚያደላ ዱቄት ነው። ይህ ክፍተት ያሳስበኛል፤ ለመድፈንም ብዙ ወጪ አይጠይቅም። በመግቢያ በር ላይ ሁለት ዓይነት ጨረር ያላት መብራትና አንዲት ትንሽ የኢንፍራሬድ ሌዘር ብትቀመጥ ተራውን ከተራ ካልሆነው ለመለየት ጅምር ትሆናለች።

የንግዱ ሰንሰለት እንዴት እንደሚላላ ያሳዩ ዓመታት አሉ። በመስከረም 2010 ቻይናና ጃፓን በባሕር ደሴቶች ምክንያት ሲጋጩ ወደ ጃፓን የሚሄደው ሬር ኧርዝ ተስተጓጎለ፤ የቻይና የኤክስፖርት ኮታም በዚያው ዓመት ጠብቆ ነበር። የዩሮፒየም ኦክሳይድ ዋጋ በኪሎ በመቶዎች ዶላር ከነበረበት በ2011 ወደ ሺዎች ተተኮሰ። የዓለም ንግድ ድርጅት በ2014 ኮታው ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ፤ ቻይናም በ2015 መጀመሪያ አነሳችው። በዚያ ላይ ኤልኢዲ አምፖል የፍሎረሰንቱን ቦታ ሲወስድ የዩሮፒየም ፍላጎት ወደቀ፤ ዋጋውም አብሮ ወረደ። የማውንቴን ፓስ ባለቤት የነበረው ሞሊኮርፕ በ2015 ለኪሳራ የተዳረገው በዚያው የዋጋ ውድቀት ውስጥ ነው።

ከዚያ 2025 መጣ። በሚያዝያ ወር መጀመሪያ ቻይና ሰባት ብረቶችን ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አደረገች፤ ኢትሪየምና ተርቢየም ከመካከላቸው ነበሩ። በጥቅምት 9 ደግሞ አምስት ጨመረች፦ ሆልሚየም፣ ኤርቢየም፣ ቱሊየም፣ ዩሮፒየምና ኢተርቢየም። ያነበብኩ ቀን ዝርዝሩን ደጋግሜ አየሁት። ስለ ማግኔትና ስለ ተዋጊ አውሮፕላን ብዙ ተጻፈ፤ እኔ ግን ያየሁት ከላይ የነገርኳችሁን የደህንነት ቀለም ነው። ቀዩን የሚሰጠው፣ ኢንፍራሬዱን የሚውጠው፣ አረንጓዴውንና ሰማያዊውን የሚሰጡት ሁሉም እዚያ አሉ። የቻይናና የአሜሪካ መሪዎች በጥቅምት መጨረሻ ቡሳን ላይ ከተገናኙ በኋላ የጥቅምቱ እገዳ እስከ ኅዳር 2026 ድረስ እንዲቆም ተወሰነ። የሚያዝያው ግን ባለበት ቀጠለ። ለአንድ ዓመት የቆመ እገዳ የተነሳ እገዳ አይደለም። ፓስፖርቱን የሚያሳትም አገር የአቅራቢው አቅራቢ ማን እንደሆነ የመጠየቅ መብት አለው፤ መጠየቅም አለበት።

እስካሁን የነገርኳችሁ ዱቄቱ ሲጠፋ ነው። ዱቄቱ በማይገባ እጅ ሲገባስ? እዚህ ላይ ከአብሪ ቀለም በፊት የሆነ አንድ ታሪክ ልጥቀስ። በ1924 አልቬስ ዶስ ሬይስ የተባለ ፖርቱጋላዊ የአገሩን ማዕከላዊ ባንክ ውል በፎርጅድ አዘጋጅቶ ግብረ አበሮቹን ለንደን ወደሚገኘው ዋተርሎው ኤንድ ሰንስ ማተሚያ ቤት ላከ። ማተሚያ ቤቱ ውሉን አምኖ በመጀመሪያው ትዕዛዝ 200,000 ባለ 500 ኤስኩዶ ኖቶች አትሞ አስረከበ። ወረቀቱ እውነተኛ ነው፤ ቀለሙ እውነተኛ ነው፤ አታሚው ራሱ እውነተኛው አታሚ ነው። ማንም ባለሙያ በዓይኑ ሊለያቸው አልቻለም። በታኅሣሥ 1925 ፖርቶ ላይ የተያዙት ተከታታይ ቁጥሮቻቸው ሲደጋገሙ ነው። ነገሩ የፖርቱጋልን መንግሥት እስከማናጋት ደረሰ፤ ባንኩና ማተሚያ ቤቱም እንግሊዝ ፍርድ ቤት ውስጥ እስከ 1932 ተካሰሱ። ዛሬ የትኛውንም አብሪ ዱቄት ብትጨምሩ እንዲህ ያለውን ወንጀል መብራት አይዘውም። የሚይዘው ትዕዛዙን የሰጠው ማን እንደሆነ በሌላ መንገድ ደውሎ የሚያረጋግጥ ሰው ነው።

ሚያዝያ 20 ቀን 1929 ጄኔቫ ላይ የተፈረመው ሐሰተኛ ገንዘብን የመከላከል ስምምነት ገንዘብን በሐሰት ለመሥራት ተለይተው የተዘጋጁ መሣሪያዎችንና ዕቃዎችን በማጭበርበር መሥራትን፣ መቀበልን ወይም ማግኘትን ወንጀል ያደርጋል። «ተለይተው» የሚለው ቃል ለማተሚያ ብረት ይሠራል። ለአብሪ ዱቄት ግን ይከብዳል፤ ያው ዱቄት ለሌላ መቶ ሥራ ስለሚውል ሻጩ «ለመጫወቻ ነው የሸጥኩት» ማለት ይችላል። ክፍተቱን ዛሬ የሚሸፍኑት ኩባንያዎቹ ራሳቸው በሚገቡት ግዴታ ነው። ለማተሚያ ቤቶች አይኤስኦ 14298 የሚባል መመዘኛ አለ፤ ለአቅራቢዎቻቸውም ኢንተርግራፍ የተባለው የአውሮፓ ማኅበር የሚሰጠው የምስክር ወረቀት አለ። ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም ወረቀት ነው። በ2023 የስዊዘርላንድ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሲክፓን በብራዚል፣ በኮሎምቢያና በቬንዙዌላ ከተፈጸመ ጉቦ ጋር በተያያዘ፣ ጉቦውን የሚከላከል አደረጃጀት አልነበረውም ብሎ በድምሩ 81 ሚሊዮን ፍራንክ እንዲከፍል ወስኖበታል። ኩባንያው በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የላቀ ቀለም እየሠራ ይህ መሆኑ ገዢ አገሮች ከሻጩ ስም ይልቅ በራሳቸው መለኪያ እንዲተማመኑ ያስገድዳል።

ወደ እኛ ልምጣ። መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብር ኖቶች ተቀይረው ባለ 200 ሲጨመር ለሦስት ወር ያህል አገሩ ሁሉ ገንዘብ ሲቀይር ከርሟል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ከባንክ ውጭ ያሉ የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎች ተፈቅደዋል፤ መብራቷ ትናንት ባልነበረችበት መስኮት ዛሬ አለች። በ2025 የወጣው አዲሱ ኢ-ፓስፖርት የተዘጋጀው የጃፓኑ ቶፓን ከኢትዮጵያ ኢንቨስትመንት ሆልዲንግስ ጋር በፈጠረው ሽርክና ነው። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የጉዞ ሰነድ መመዘኛም ለማንኛውም ፓስፖርት የማይበራ ወረቀትና ከአልትራቫዮሌት ሥር የሚበራ ቀለም በመሠረታዊነት ይጠይቃል። ስለዚህ ሚስጥራዊ ኅትመት እየቀረበን በመጣ መጠን ዱቄቱም ወደ እኛ መጋዘን ይመጣል። ጎረቤታችን ኬንያ ከ2013 ጀምሮ በመጠጥና በሲጋራ ላይ በሚለጠፍ የኤክሳይስ ቴምብር ይህንኑ ጉዞ ጀምራለች።

በዚህ ጊዜ የሚያስፈልገን ከሁሉ በፊት መለካት የሚችል ሰው ነው። ዩትሬክት ውስጥ ሁለት ኬሚስቶች በአንድ መሣሪያ የዩሮን ቀለም ካነበቡ፣ የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች የፊዚክስና የኬሚስትሪ ክፍሎች ለአገራቸው የሚገባውን እያንዳንዱን በርሜል ቀለም ማንበብ አያቅታቸውም። ውል ሲፈረም ከመጀመሪያው ምርት የተወሰደ ናሙና ታሽጎ በገዢው እጅ ይቀመጥ፤ የብርሃኑ መስመር፣ ድምቀቱ፣ የሚከስምበት ጊዜ ተለክቶ ይመዝገብ። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ በዚያ ናሙና ይመዘን፤ ያልገጠመው ክፍያው ተፈጽሞም ቢሆን ይመለስ። ፀሐያችንም ትታሰብ። ላቦራቶሪ ውስጥ ያማረ ኦርጋኒክ ቀለም መርካቶ ውስጥ ሁለት ክረምትና ሁለት በጋ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ምን እንደሚቀረው በሻጩ ቃል ሳይሆን በራሳችን የፀሐይ ሙከራ እንየው። ተማሪዎች ሆይ፣ ይህ የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ ነው፤ ውሰዱት።

የመጨረሻው ጉዳዬ ትርፍራፊው ነው፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ የሠራችሁ ታውቁታላችሁ። ከማሽኑ ሲሊንደር የሚፋቀው ቀለም፣ ከጣሳው ሥር የሚቀረው፣ የጽዳት ጨርቁ፣ የተበላሸው ወረቀት፤ በዚህ ሁሉ ውስጥ ዱቄቱ አለ። ሁሉም በግራም ይመዘን፤ ከተለያየ መሥሪያ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ፈርመውበት ይቃጠል። የገባው ኪሎ በኖቱ ላይ ከታተመው፣ ከተቃጠለውና ከቀረው ድምር ጋር ካልገጠመ ማሽኑ ይቁም፤ ልዩነቱ ሳይገኝም የሚቀጥለው ፈረቃ አይግባ።